ኤርትላ ምን አማራቸው?

ይህ የሆነው አምና በብርዱ ወራት ነው። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ስለሌለ ዛሬም ከአእምሮዬ አይጠፋም።

የምሠራው ፍራንክፈርት፣ ኒድ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ ኤርላ የምንላቸው አይስላንዳዊት አሮጊት አሉ። ጀርመናዊ አግብተው እዚሁ ፍራንክፈርት የኖሩ ናቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ጀርመንኛው ጠፋባቸውና የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ቀረ። ምግብም እምቢ አሉ። «ሚግ ላውንጋር ኢ ግሮይት» ይላሉ ደጋግመው። በጀርመንኛ «ክሮይተር»፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ያሉ መስሎን የቅጠል ሻይ ስናመጣላቸው በእጃቸው ይገፉታል። ሐኪሙ በቱቦ እንዲመገቡ ወሰነ።

አንጀቴ አልችል አለ። ከቤተ መጻሕፍት የጀማሪዎች የአይስላንድኛ መጽሐፍ ከነድምፁ ተዋስኩና ከምኖርበት ከጻይልስሃይም በአውቶቡስ ስመላለስ ማጥናት ጀመርኩ። ልጄ «ማማ፣ ቫሩም? ለምን?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሴትዮዋ እንዲበሉ ነዋ!» አልኳት።

አስቸጋሪ ቋንቋ ነው። የሚጻፈውና የሚነበበው አይገናኝም። «ኤርላ» ተብሎ የሚጻፈው ስም «ኤርትላ» ተብሎ እንደሚጠራ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስማቸውን እንኳ አበላሽተን ስንጠራ ኖረናል!

አንድ ቀን የግሱ ትምህርት ላይ ስደርስ «ሚግ ላውንጋር» የሚል አየሁ። ትርጉሙ ልክ እንደኛ «አማረኝ» ነው። «እኔ» አይልም፣ «እኔን» ነው የሚለው። አውቶቡሱ ውስጥ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። «ግሮይት»ንም ከመጽሐፉ መጨረሻ ፈልጌ አገኘሁት። ገንፎ ነው!

በማግስቱ ሺሽቴ፣ የሥራ ተራዬ፣ ሲጀምር ለኃላፊያችን ነገርኳት። «የቱቦው ቀጠሮ ነገ ነው፤ ዛሬውኑ ሞክሪ» አለችኝ። የአጃ ገንፎ በወተት ሠርቼ፣ ቀጠን አድርጌ ገባሁ።

«ኤርትላ» አልኳቸው።

ቀና አሉ። ምላሴን በጥርሶቼ መሃል አድርጌ፣ እንደተማርኩት፣ ገንፎ አምሯቸው እንደሆነ በቋንቋቸው ጠየቅኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ያው! ያው!» አሉ። አዎ፣ አዎ ማለታቸው ነው። በማንኪያ በማንኪያ ሳህኑን ጨረሱት። ከዚያ «ሜይራ» አሉኝ። ጨምሪልኝ! ኃላፊያችን በር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፤ እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ።

ሐኪሙ የቱቦውን ነገር ተወው። ኤርትላ ዛሬም በአፋቸው ይበላሉ፣ ወፍረዋልም። እኔም ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ።