መዳፌ ላይ የቀመስኩት ክክ

ያን ሰሞን ድካሜ ከእኔ ቀድሞ ነበር ከአልጋ የሚነሳው። ከስቶክዌል ባቡር ቀይሬ ዊልስደን ደርሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሽማግሌውን በር ስከፍት ወገቤ የቀኑን ሥራ የጨረሰ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው፤ እዚህ እንግሊዝ አገር ኬረር ይሉናል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከዚያ ያደረግኩትን ሁሉ መጻፍ። ከሁሉም የሚያደክመኝ መጻፉ ነው።

እኚህ ሽማግሌ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ቴሉጉ ተናጋሪ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ሴት ልጃቸው ማንችስተር ትኖራለች። እኔን «አማ» ይሉኛል፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፣ ግን ለታናሽም ይሉታል። እኔም «ታታ» እላቸዋለሁ፣ አያቴ እንደማለት። ሌላው ወሬያችን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

መጀመሪያ ቀን ገላቸውን ሳጥብ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ አየሁ። ደንግጬ «የቃጠሎ ጠባሳ» ብዬ ጻፍኩ። ከቢሮ ተደወለ፣ ልጃቸው ጋ ተደወለ፣ ጉድ ፈላ። ታታ ብቻ ነበሩ የሳቁት። ሃይማኖታቸው ስሪቫይሽናቫ ይባላል፤ ቪሽኑ የሚሉትን አምላክ ከነባለቤቱ የሚያመልኩ ናቸው። ሰው ወደዚህ ሲገባ መምህሩ ትንንሽ ማኅተም በእሳት አግሎ በቀኝ ትከሻው የአምላኩን ክብ መሣሪያ፣ በግራው ዛጎሉን ያትምበታል። አፈርኩ። የገዛ አያቴ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳ እየኖረች እኔን ምን አስጮኸኝ?

ከዚያ ወዲህ ገላ መታጠቢያው የታሪክ ክፍል ሆነ። እኔ ጀርባቸውን እያሸሁ እሳቸው ያስተምራሉ። እምነቱ ያበበው በጎረቤት በታሚሎች አገር ነው፤ መምህራኑ ወደ ሰሜን ወደ ቴሉጉ ምድር ወጡ፣ ከነቤተሰባቸው የፈለሱም ነበሩ፣ ኋላ ነገሥታቱም ተቀብለውት ለቤተ መቅደሶቹ መሬት ሰጡ። መዝሙሮቹ ግን ታሚልኛ እንደሆኑ ቀሩ። ቴሉጉዎቹ ድምፁን በራሳቸው ፊደል ጽፈው ለልጅ ልጅ አወረሱት። ታታም በአያታቸው እጅ የተጻፈ ደብተር አላቸው።

«ትርጉሙን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ግማሹን።»

ሳቅኩ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በግዕዝ የምደግመውን ጸሎት ግማሹን አውቃለሁ ብል ውሸት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ምእመኑ ለሁለት የተከፈለበትን ክርክር ነገሩኝ። ክርክሩ ሰው እንዴት ይድናል የሚል ነው። አንዱ ወገን እንደ ጦጣ ግልገል ነው ይላል፤ እናቱ ትሸከመዋለች፣ እሱም አጥብቆ መያዝ አለበት። ሌላው እንደ ድመት ግልገል ነው ይላል፤ እናቱ በአፏ አንጠልጥላ ትወስደዋለች እንጂ እሱ ምንም አያደርግም። የታታ ቤተሰብ የድመቱ ወገን ነው። ከገንዳው ላነሳቸው ስል በሁለት እጃቸው አንገቴን እንዲይዙ ስለምፈልግ፣ «ታታ፣ ዛሬስ ለወገቤ ሲሉ የጦጣው ወገን ይሁኑልኝ» እላቸው ነበር። «ሃይማኖቴን አስቀየርሽኝ» ይሉና አጥብቀው ይይዙኛል።

የቤቱ ጌታ ግን ታታ አይደሉም። ሳሎኑ ጥግ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ፣ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ ከአያት የወረደ። ለእሳቸው ምልክት ብቻ አይደለም፣ አምላካቸው ራሱ ነው። በየቀኑ ይታጠባል፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል የገባበት ውሃ ይቀርብለታል፣ ምግብ ይቀርብለታል። ለእሱ ያልቀረበ አይበላም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማብሰሉ ለእኔ መጣ፣ ከሦስት ትእዛዝ ጋር፦ ታጥቤ እንድገባ፣ ሽንኩርት የሚባል ነገር ቀይም ነጭም እንዳይገባ፣ ሳይቀርብ ማንም እንዳይቀምስ። ያለ ሽንኩርት ወጥ! «በአያቴ ጊዜ እንግዳ ሰው ምግቡን ቢያየው እንኳ ይደፋ ነበር» አሉኝ ሳያፍሩ። ተቀየምኩ። ቆይቶ ግን እኛ አገር ክርስቲያን የእስላም ሥጋ፣ እስላምም የክርስቲያን እንደማይበላ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ስለማልቀምስ ትእዛዙ አልከበደኝም። ታታ ለአምላካቸው ክብር የምጠነቀቅ መስሏቸው ይመርቁኛል፤ እኔም ጾም ነው ብዬ አላረምኳቸውም።

ፋሲካ አለፈ። የወረዳዋ ነርስ ታታ እየከሱ ነው ብላ ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ መጥታ ሲበሉ ላያቸው አለች። በደንብ ካልበሉ ወደ አረጋውያን ማቆያ ይግቡ ብላ ልትጽፍ ነው። እዚያ ማን በዚያ ሕግ ያበስልላቸዋል? «ከገባሁ አልበላም፣ አማ» አሉኝ። ካሉ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሩዝ ቀቀልኩ፣ ክኩን በእርድ ጣድኩ። እንቅልፍ አልጠገብኩም፣ እግሬ አብጧል። ክኩን አማሰልኩና ከማማሰያው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስኩ። ጨው ይበቃዋል።

ከዚያ ደርቄ ቀረሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! እናቴ እንዲህ ትቀምስ ነበር፣ እኔም ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስቀምስ ኖሬያለሁ። እንደገና እንዳላበስል በሩ ተደወለ። ነርሷ ናት።

መቅመሴን ለታታ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ፣ ደክሞኝም ነበር፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አልለየሁትም። ታታ ምግቡን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጠው ነገሩኝና የውሃውን ጽዋ ብቻ ይዘው ወደ መጋረጃው ሄዱ። ለነርሷ ብለው የቸኮሉ መሰለኝ። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ሩዙን ከክኩ ጋር ለወሱ፣ ሳህኑን ጠርገው በሉ። ነርሷ ደስ ብሏት «እዚሁ ቢቆዩ ችግር የለም» ብላ ጽፋ ሄደች።

በሩን እንደዘጋሁ ዕንባዬ መጣ። «ታታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቀምሼዋለሁ።»

«አይቻለሁ» አሉ። «መዳፍሽን ስትልሺ።»

«ታዲያ ለምን በሉት?»

«በሕይወቴ ለእሱ ሳላቀርብ የበላሁት ዛሬ ብቻ ነው። ባልበላ ያቺ ሴት ከዚህ ታወጣኝ ነበር። እኔ ከሄድኩ እሱን ማን ያጥበዋል? ማን ያበላዋል? አንቺ ለእኔ እንደሆንሽው እኔም ለእሱ ኬረር ነኝ፣ አማ።»

ድመቷ ናት ግልገሏን የምትሸከመው ያሉኝ እኚህ ሰው፣ ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድመቷን ሲሸከሙ ኖረዋል። ሰዓቴን አየሁ። ኪልበርን ሰፈር ሌላ አሮጊት ትጠብቀኛለች። ካፖርቴን ለብሼ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«አማ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ልመና እንዳይመስልባቸው እየተጠነቀቁ። «እኔ በልቻለሁ። እሱ ግን ዛሬ አልበላም።»

ኪልበርን ደውዬ እዘገያለሁ አልኩ። ካፖርቴን አወለቅኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ድስቱን ፈትጌ ሌላ ክክ ጣድኩ። ጨው ይብዛበት ይነስበት አላወቅኩም።