ማን ላካችሁ ቢላችሁ

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ካርታ ነው የሚሏት። ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ሦስት ክፍል ታከራያለች፤ ለመንገደኛው፣ ለነጋዴው፣ ከተማ ሊያይ ለመጣው ሁሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ቁልፉን ዝም ብላ አትሰጥም። መጀመሪያ ወንበር ላይ ታስቀምጠውና ከተማውን በቃሏ ታስረክበዋለች፤ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚኬድ፣ የት ደግሞ ዝር እንዳይል። ልብስ ሰፊው «እኛ ቤት ካርታ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ያዳምጣል» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «አንተ ክርህን ወደ መርፌህ አስገባ» ብላው ታልፋለች።

አንድ ነገር ግን ይታወቅላት። እንግዳን ከጫማው ጀምራ ታነበዋለች እንጂ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አትናገርም። ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረገችውን ሴት ደረጃ አታስወጣትም። ልጅ የያዘን ሰው ጨርቅ ተራ አትልከውም፤ ልጅ እዚያ ከጠፋ በአንድ ቀን አይገኝም።

«ቁርሳችሁን አደባባዩ ላይ እንዳትበሉ» ትላለች። «እዚያ የሚሸጠው ወንበሩ ነው እንጂ ምግቡ አይደለም። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ዳቦ ቤት አለ፤ በአንድ ሰዓት ድረሱ። ሁለት ሰዓት ካለፈ ዳቦው ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ወደ ውሃ ማማው የሚያወጣውን ደረጃ ያዙ፤ ግን ጫፍ እንዳትደርሱ። ሰው ሁሉ ጫፍ ካልደረሰ የወጣ አይመስለውም። ከጫፉ የሚታየው የባንክ ፎቅ ብቻ ነው። ሰማንያኛው ደረጃ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሐይቁ የሚታየው ከዚያ ነው።»

የመጨረሻው ሁልጊዜ ዓሣ ቤቱ ነው። ዓሣ ቤቱ ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ የጠረጴዛውን ልብስ በእጇ መዳበስ ትጀምራለች።

«ምሳችሁን የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ካለው ዓሣ ቤት ብሉ። ከኩሽናው መስኮት አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ያዙ። ሾርባ ስታዙ ‹ከታች› በሉ፤ ወፍራሙ ከድስቱ ሥር ነው ያለው። ሰውየው ማን ላካችሁ ቢላችሁ፣ ማንም በሉ።»

እንግዶቹ ይስቃሉ። የድሮ ፍቅረኛዋ የሚመስላቸውም አሉ። ሰውየው ግን ወንድሟ ነው፤ አንድ እናት የወለደቻቸው፣ ከእነሱ ሌላ ልጅ ያልነበራት። ካርታ ደግሞ ከእሱ ጋር ከተኳረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር፤ የዓሣ ቤቱንም ደጅ ረግጣ አታውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በእናታቸው ሞት ነው። ያን ጊዜ ወንድምየው ሩቅ ቦታ፣ የማዕድን ቁፋሮ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። እናትየዋ በድንገት ስትሞት ካርታ መልእክት ሰደደች፤ አንድ ቀን ጠበቀች፣ ሁለት ቀን ጠበቀች፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል የሚል ወሬ ሰማችና በሦስተኛው ቀን ቀበረች። እሱ በአራተኛው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። በሩ ላይ ቆመና አላለቀሰም።

«ቀበሯት?» አላት።

እሷ ስለ ሌሎቹ ቀባሪዎች የሚጠይቅ መስሏት «አዎ፣ ትናንት ቀበሯት» አለችው።

«እርስዎን እኮ ነው የምጠይቅዎት» አላት።

አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ «እታለም» ሲላት የኖረ ልጅ ነው። ሰው ቢሰድባት ትችል ነበር፤ በጥፊም ቢላት ትችል ነበር። «እርስዎ» ብሎ ከቤተሰብ አውጥቶ ከእንግዳ ተራ ሲያቆማት ግን አልቻለችም። «መድረስ ነበረብሃ!» አለችው፤ ይህን ቃሏን ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ልትውጠው እንደፈለገች እሷ ታውቃለች። ሽማግሌ ገብቶ ነበር። እሱ «እግሯ ይምጣ» አለ፤ እሷ «አፉ ይጥራኝ» አለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉ ነበሩ፤ ማን ይስማቸው። እሱ ከካምፑ ጠቅልሎ መጥቶ ዓሣ ቤቱን ሲከፍትም አልጠራት፤ እሷም አልሄደች። «ስሙን ፊቴ እንዳታነሱ» ብላ የሚያውቋቸውን ሁሉ አስማለች፤ የሚያውቋቸውም ቀስ በቀስ አለቁ፣ ተበተኑም።

ግን ሆዷ አልቆረጠም። ሆድ መች ይቆርጣል። እንግዶቹ ከምሳ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ትጠብቃቸዋለች። «ጨውስ? ልክ ነው? እሱስ ቆሞ ነው የሚያበስለው ወይስ ተቀምጦ?» ጢሙ መሸበቱን ከአንዲት ነርስ ሰማች። መነጽር ማድረጉን ከሁለት ተማሪዎች ሰማች። ግራ እግሩን እንደሚጎትት የነገራት አንድ የጫማ ነጋዴ ነው፤ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። እሷ መጥራቱን ትጠብቃለች፤ አንድ ቀን አንዱ እንግዳ «እታለም ትምጣ ብሎሻል» እያለ እንዲመጣ ትጠብቃለች። የምትኖረው ለዚያ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ያቺው ነርስ ከጓደኛዋ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ መጥታ፣ ከዓሣ ቤቱ እየሳቀች ተመለሰች።

«ቀልደኛ ሰው ነው» አለቻት። «ማን ላካችሁ አለን፤ ማንም አልነው። እሱ ደግሞ ‹ማንም ደህና ናት ወይ?› አይለን መሰለሽ!»

ካርታ ሳህን እያጠበች ነበር። እንደያዘችው ቀረች። ማንም። ለካ ለሱ ማንም ሆኛለሁ፤ የማንም ማንም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሷ የተዋሰችው ቃል ነበር፣ ያውም የራሷን ቃል፣ እሱም እንደ ማጭድ አገለገላት። የነበራትን ትንሽ ተስፋ አጨደችበት። እንግዶች መላኳን ግን አልተወችም፤ ‹ማንም በሉ› ማለቷንም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በእልህ ትለው ጀመር።

ታዲያ በዚህ ዓመት አንድ መንገድ ቀያሽ ሁለት ወር ሊቆይ መጥቶ መጨረሻውን ክፍል ያዘ። ጎልማሳ ነው፤ ቁጥር እንጂ ወሬ አያበዛም፤ አደራ ከሰጡት እንኳን ሚስቱ፣ ትራሱም አይሰማ። ካርታ ወደደችው። እሱም ምክሯን እንደ ሥራ ትእዛዝ ይዞ በየቀኑ ምሳውን ዓሣ ቤት ይበላል፤ ‹ከታች› ይላል፤ ‹ማንም› ይላል።

በሁለተኛው ወር ግን ነገረ ሥራው ተለወጠባት።

«ዛሬ ምን ሰጠህ?»

«ዓሣ።»

«እሱስ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ» ይልና ጫማውን ያያል። ፀሐይ ላይ ስለሚውል ደክሞት ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ ሦስት ቀን ከከተማ ውጪ ሲለካ ሰንብቶ ማክሰኞ ቀትር ላይ ተመለሰ፤ ለምሳ ወጣና ሳይበላ መጣ። «ዝግ ነው» አላት። ፊቱ ልክ አልነበረም።

ዓሣ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ በማክሰኞ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ካርታ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ለሰው ሁሉ ስትነግረው የኖረችውን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እግር ሄደችበት፤ ሰላም ያሏትን አልሰማቻቸውም። ስትደርስ የዓሣ ቤቱ ወንበሮች በሙሉ ውጭ ወጥተዋል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተቀምጠውባቸዋል። ማንነቷን የሚያውቅ ስላልነበረ አንዱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። ከውስጥ፣ በዓይን ብቻ የምታውቃት የወንድሟ ሚስት ወጣች።

«አሁን መጣሽ?» አለቻት።

ካርታ አልፋት ልትገባ ወደ በሩ ተራመደች።

«ከትናንት ወዲያ ቀበርነው። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቀሽ። ‹አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ› ብሎ፣ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቱን ቀና እያደረገ። መልእክቱ ደርሶሽ ዝም ትያለሽ? ድንጋይ ነሽ? እኔ ሰው መስለሽኝ ነበር!»

«ምን መልእክት? እኔ ምንም አልደረሰኝም።»

«በቀያሹ ልኮብሻል። ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሲያናግረው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያም ‹አደራውስ?› ባልኩት ቁጥር ‹እንዳሉኝ አድርጌያለሁ› ይለኝ ነበር።»

«እሱ መች ስሜን ያነሳል» አለች ካርታ። «ማንም ነው የሚለኝ።»

የወንድሟ ሚስት ንዴቷ ሳይበርድ እንባዋ መጣ።

«አንቺ ደግሞ እንዴት ብለሽ ነው የሰማሽው? ገና ከመጀመሪያው ቀን አውቆሻል። ‹ከታች ጨልፉልን› የሚል ሰው ከእናታችሁ ቤት ሌላ የት አለ? እታለም እንዳይልሽ ኩራቱ ያዘው፤ እርስዎ እንዳይልሽ አንጀቱ እምቢ አለው። አንቺ ማንም ብለሽ ላክሽለት፣ እሱም በዚያው ያዘሽ። ‹ዛሬ ማንም ሁለት ሰው ላከችልኝ!› ብሎ ከኩሽና ይጠራኛል። ያን ቀን ሲያንጎራጉር ነው የሚውለው። ጠረጴዛዋንም ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር፤ ‹የማንም ናት› ብሎ ሰው ያስነሳል።»

ካርታ መሬቱ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የተለቀቀላት ወንበር እዚያው አጠገቧ ነበር። ያለቀሰችው ያን ጊዜ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠላችው ቃል ሲያቆላምጣት የነበረ መሆኑን መጀመሪያ ለልቧ ማስረዳት ነበረባት፤ ይህም በአንድ ጊዜ የሚሆን አይደለም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀያሹ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ምን ብሎ ላከህ?» አለችው።

«እትዬ፣ አደራ ነው የሰጠኝ…»

«ሞቷል። ወንድሜ ነበር። ተናገር።»

«ወንድምዎ?» ሰውየው የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። ቃል በቃል ነገራት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ሚስትየዋ ወደ ጓዳ አስገባችው። ሰውየው ተኝቷል፤ ከስቷል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። «‹ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል› አለኝ። ‹ለማንም ንገርልኝ› አለኝ፣ እትዬ። እኔ ምን ብዬ ልረዳው? ሰው ‹ለማንም አትንገር› ይላል እንጂ ‹ለማንም ንገር› ይላል? ሕመሙ ቃል አደበላልቆበት ነው፣ አትንገር ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት። እርስዎ በየቀኑ እንዴት ነው ሲሉኝ አደራውን እንዳልበላ ብዬ ነው ደህና ነው ያልኩት።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትቆጣው? ታማኝ ባይሆን ኖሮ፣ ወሬኛ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ልብስ ሰፊው አፉ ክዳን ባይኖረው ኖሮ በዚያኑ ቀን ማታ ሰምታ ነበር። ቃሉንም ለእሱ ያስያዘችው ራሷ ነች፤ ለእሱም፣ ከእሱ በፊት ላለፉትም ሁሉ። እንባዋ አሁን መጣ፤ አልጠረገችውም።

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት። እጁን ይዤ ‹አይዞዎት፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ› አልኩት።»

«እሱስ?»

ቀያሹ ሊነግራት አልፈለገም። ዓይኗን አየና ነገራት።

«ደስ አለው። ‹እንግዲያ ትደርሳለች፣ ቅርብ ናት› አለና ወደ በሩ ዞረ። እኔ ሚስቱን የሚል መስሎኝ ወጣሁ።»

ካርታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ሃያ ደቂቃ ነው» አለች። ለእንግዳ በምታስረዳበት ድምፅ ነው ያለችው፤ እጇም በለመደችው አቅጣጫ ተዘረጋ። «በእግር እኮ ነው። በዳቦ ቤቱ በኩል ከተቆረጠ ደግሞ ሃያም አይሞላ።»