በሽመና ማኅበሩ ፊት የተጫነችው መተግበሪያ

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ ብርድ ልብስ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ነው። አለቃዬ ወይዘሮ አልማዝ ገና ወንበር ሳልይዝ፣ "ማኒፌስቷን አንቺ ጻፊ። ትንሽ ፋይል ናት፤ ግን ቀልድ አታውቅም" አሉኝ።

ማኒፌስት የአንድን ድረ ገጽ ስም፣ አርማ፣ ቀለምና መጀመሪያ የሚከፈተውን ገጽ ለስልኩ የምትነግር ፋይል ናት። በትክክል ከተጻፈች ድረ ገጹ እንደ መተግበሪያ ስልክ ላይ ይጫናል። የኔዋ ስልኬ ላይ ስትጫን ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ።

ድረ ገጹን የሠራንላቸው ደንበኞቻችን በማኅበር ሆነው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸምኑ ሴቶች ነበሩ። ሰብሳቢያቸው እትዬ የሺ በርክክቡ ዕለት ጠዋት ደውለው፣ "ልጄ፣ የመተግበሪያዋን ቀለም የበግ ጠጉር አስመስይልን" አሉኝ። የቀለሟን መስመር ቀይሬ፣ ወደ ፋይሏ መጨረሻ አውርጄ፣ እየዘለልኩ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄድኩ።

ሴቶቹ ድረ ገጹን በስልካቸው ከፍተው ተሰልፈዋል። "በሉ፣ 'ጫን' የሚለውን ንኩ" አልኩ።

"የቱን?" አሉ እትዬ የሺ።

በማንም ስልክ ላይ "ጫን" የሚል የለም። የሥራ ሙከራ ጊዜዬ እዚያው ያበቃ መሰለኝ። ወይዘሮ አልማዝ ጠጋ ብለው፣ "ጠዋት ፋይሏ ላይ ምን ነካሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ወደ መጨረሻ ያወረድኳት መስመር ኮማዋን ይዛ ወርዳለች። ኮማ የሚለየው መስመርን ከመስመር ነው፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ካለ ስልኩ ፋይሏን ጭራሽ አያነብም። የኔ ስልክ ላይ መተግበሪያዋ ቀድማ ስለተጫነች አልታወቀኝም። ኮማዋን አንስቼ ከበላይዋ ባለው መስመር መጨረሻ አስገባሁና ፋይሏን ወደ ድረ ገጹ መልሼ ላክሁ።

"መጣች!" አለች አንዷ። ከዚያ ሌላዋ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ።

እትዬ የሺ ግን ስልካቸውን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው፣ "'ድቡልቡል በግ' ማነው?" አሉ።

ስሞክር ለራሴ መሳቂያ፣ ከአርማዋ ሥር እንዲታይ የጻፍኩት አጭር ስም ነው፤ በየቀኑ እያየሁት ለምጄው ሳልቀይረው ቀርቻለሁ። "ይቅርታ፣ አሁኑኑ..." አልኩ።

"ተይው!" አሉ እትዬ የሺ፣ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ። "ብርድ ልብሱስ ከበግ አይደል የሚመጣው?" ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ወይዘሮ አልማዝ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማኒፌስት ከማስረከቤ በፊት ለባለቤቱ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። መተግበሪያዋ ካልተጫነችበት ስልክ ላይም እሞክራታለሁ።