የዘይነዲን ጠቋሚ

ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር እንቢ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ዘይነዲንን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ቀበሌውም «ዘይኑን ጥሩት!» ይላል። እሱም ጭቃው ጫማው ላይ እንደተለጠፈ ይደርሳል፤ ደርሶም ቶሎ ማሽኑን አይነካም። እናትህ እንዴት ናቸው? ስንዴው ዋግ መታው ወይስ ተረፈ? ልጅቷ ፈተናውን አለፈች? ነገሩ በኦሮምኛ ይጀመራል፣ በአረብኛ ይመረቃል፣ በአማርኛ ይቀጥላል። ከሌላ አገር የመጡት መምህራን «ይኼ ሰውዬ ኮምፒውተር ሊያክም ነው ወይስ ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ የመጣው?» እያሉ ይቀልዱበታል። ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

የደመወዝ ሥራው በአንድ የስንዴ አምራቾች ዩኒየን ውስጥ ነው። እዚያ የኢሜይሉም፣ የሰርቨሩም፣ ወረቀት የሚያኝከው የፕሪንተሩም ኃላፊ እሱ ነው። ሚስቱን በሞት ካጣ በኋላ ወደ እናቱ ወደ ሃጂራ ቤት ተመልሶ ከእሳቸው ጋር ይኖራል።

ወዚር የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። አለው እንበል። ወዚር በመኸር ጊዜ ኮምባይነር ላይ በረዳትነት የሚሠራ፣ ሳቂታ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነበር። አንድ ዓመት አጨዳው ሲያልቅ «ሼክ ሁሴን ለዝያራ ልሂድ» ብሎ፣ የተቀደሰውን ቦታ ሊሳለም የሚሄድ መስሎ፣ እናቱን አስመርቆ ወጣ። ዝያራው በመተማ በኩል ሱዳን ሆነ። ከካርቱም ደወለ፤ እያለቀሰ ሳቀ፣ እየሳቀ አለቀሰ። ቀጥሎ ሊቢያ መግባቱ ተሰማ። ከዚያ ሊቢያ ውስጥ ጦርነት ተነሣና ስልኩም ወሬውም አብሮ ጠፋ። ሃጂራ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሬዲዮውን ከአጠገባቸው አላራቁም። የሊቢያ ስም ሲነሣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ቤቱን በሙሉ ጸጥ ያሰኛሉ። ዜናው ሲያልቅ «የኛን ልጅ አላነሡትም» ይላሉ፣ ወዚርን ጋዜጠኛው በስሙ ይጠራው ይመስል።

ዩኒየኑ ኢሜይል ካስገባ ወዲህ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የሚመጣ መልእክት ሠራተኛውን አስመርሮት ነበር፤ ስፓም የሚሉት። ሎተሪ ደረሰህ የሚል አለ፤ ጸጉር የሚያበቅል ቅባት የሚሸጥ አለ፤ የሟች ጄኔራል ሚስት ነኝ የምትል አለች። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ አንዱ ቆሻሻ እስኪወርድ የሥራው ደብዳቤ ተሰልፎ ይውላል። አጭበርባሪዎቹ ደግሞ ሰው ያውቃሉ። የሙስሊም ስም ካዩ «አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ የተከበርክ ወንድሜ» ብለው መጀመር አመጡ። የመጋዘኑ ኃላፊ ቀመር በዚህ ተበላ። «በሰላምታ የመጣን ሰው እንዴት አድርጌ ውሸታም ነህ እለዋለሁ?» አለና ፈቃድ ወስዶ፣ አንዲት መበለት ላኩልህ ያለችውን ኮንቴይነር ሊረከብ አዲስ አበባ ሄደ። ጉምሩክ በር ላይ ሰንብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከተማው ስሙን ትቶ «ኮንቴይነር» ይለው ጀመር፤ ሚስቱ ሳትቀር።

ዘይነዲን በቀመር ነገር ተናደደ። ከከተማው ሳቅ ይልቅ የቆጨው ሰላምታው ነበር፤ በእሱ ዓይን ሌቦቹ የሰረቁት ከሁሉም በላይ ሰላምታውን ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም አውርዶ ጫነ። ፕሮግራሙ ስፓምን በምልክቱ ይለያል፤ ለይቶም ዝም አይልም። መልእክቱን ለማንም ሳያሳይ ያስቀርና፣ ለላኪው የኢሜይል አድራሻ ለሰጠው ኩባንያ በራሱ ክስ ይጽፋል። ክስ የተደጋገመበት አድራሻ ይዘጋል። ምልክቱን የሚያስተምረው ግን ሰው ነው። ዘይነዲንም አስተማረው፦ ከማይታወቅ አድራሻ መጥቶ በላቲን ፊደል «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ የሚጀምር ሁሉ ስፓም ነው። አላመነታም። ከዩኒየኑ ጋር የሚጻጻፍ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሰላም የሚል መሥሪያ ቤት የት አለ?

ከደብረ ብርሃን የመጣው የሒሳብ ሹሙ ወንዶሰን ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ።

«ኮምፒውተሩም ተደራጀ በሉኛ! አንድ ለአምስት ገባ?»

«ቀስ በል» አለው ዘይነዲን።

«ምን ቀስ እላለሁ፣ ጠቋሚ አምጥተህ ቢሮ ውስጥ አስቀምጠህብን!»

ስሙ በዚያው ጸና። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፍ «ዝም በሉ፣ ጠቋሚው ይሰማል» መባባል ሆነ። ቆሻሻውም በእውነት ቀነሰ። ዘይነዲን መጀመሪያ ሰሞን ጠቋሚው ያስቀረውን እየገባ ያይ ነበር። ጸጉር የሚያበቅለው ቅባት፣ ሎተሪው፣ መበለቲቱ። ሰው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እጁን የሚከተው እስከ መቼ ነው? ተወው።

ለሊሴ የመጣችው በክረምት ነው። ጃንጥላዋ ነፋስ ገልብጦት፣ የነጠላዋ ጫፍ ውኃ እያንጠባጠበ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ኦቦ ዘይነዲን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እህቴ፣ ግቢ። አከም ጅርታ? ፈያዳ? ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ከብቱ…»

«ለሊሴ እባላለሁ፣ ከጎባ ነው የመጣሁት» ብላ አቋረጠችው። «ወንድሜ ዲማ ከሊቢያ ገባ። ታሞ ተኝቷል እንጂ ራሱ ይመጣ ነበር። ከወንድምዎ ከወዚር ጋር አንድ ክፍል ነው የታሰሩት።»

ዘይነዲን ወንበር ሊሰጣት ተነሥቶ ነበር፤ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። «ወዚር በሕይወት አለ?»

«ዲማ ሲወጣ ነበር። ደህና ነበር።» ለሊሴ ወንበሩን ሳትቀመጥበት ትክ ብላ አየችው። «ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ወረቀት ስላልነበራቸው ታስረው ከረሙ። በኋላ ስደተኛ ወደ አገሩ የሚመልሱ ሰዎች መጡና፣ ከቤተሰቡ የመታወቂያ ቅጂ በኢሜይል የመጣለትን በአውሮፕላን እንሸኛለን አሉ። አንዱ ዘበኛ ስልኩን እያዋሰ ሁሉም ጻፈ። ዲማ ለእህቱ ጻፈ፤ እሷ ጎባ ኢንተርኔት ቤት ገብታ መታወቂያውን ላከችለት፤ መጣ። ወዚር በቃሉ የሚያውቀው አድራሻ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ዩኒየኑ በር ላይ ታፔላው ላይ የተጻፈው።

«'የኔ ወንድም ኮምፒውተር ላይ ነው የሚውለው፣ ከሁላችሁም በፊት የኔ መልስ ነው የሚመጣው' ይለን ነበር አለኝ ዲማ» አለች ለሊሴ። «በኋላ ይህን ማለት ተወ።»

«አልደረሰኝም። ወላሂ አልደረሰኝም!»

«ሲልክ ዲማ በዓይኑ አይቷል።»

እዚያው ቢሮ ሆኖ ይሰማ የነበረው ወንዶሰን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣ። ዘይነዲን ያን ሰዓት እንደ ሁልጊዜው ሥራውን ያዘ፤ እጁ የሚያውቀው ሌላ ነገር አልነበረም። ወንዶሰን ከራሱ አድራሻ «ሙከራ» ብሎ ላከ፤ ደረሰ። አድራሻው የታፔላው ሠዓሊ ስቶት ይሆን ተባለና አንዱ በዝናብ ወጥቶ ፊደሉን እየቆጠረ አነበበ፤ ልክ ነው። መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ለሊሴ ጃንጥላዋን እያቃናች ጠበቀች። የማይታወቅ አድራሻ ይሆናል ተባለና ወንዶሰን በሐሰት ስም አዲስ አድራሻ ከፈተ። «ሙከራ» ብሎ ላከ። ደረሰ።

«ጤነኛ ነው እኮ» አለ ዘይነዲን፣ ፊቱ ትንሽ እየተፈታ። «እዚያው ነው የተበላሸው። የዘበኛው ስልክ ነው።»

ለሊሴ ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ለወንድሙ 'ሙከራ' ብሎ ይጽፋል? እስቲ ወዚር እንደሚጽፈው ይጻፉት።»

«ምን ብሎ ይጽፋል?» አለ ወንዶሰን፣ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አድርጎ። «ንገረኝ፣ በምን ይጀምራል?»

ዘይነዲን ሊነግረው አፉን ከፈተ። ወንዶሰን ዞር ብሎ አየው፤ የሰውዬው ከንፈር አመድ መስሏል። ሳይነገረው ገባው። በላቲን ፊደል «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ጻፈና ላከ። ሦስቱም በመስኮት እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ስክሪኑን እያዩ ቆሙ። ምንም አልመጣም።

ጠቋሚው ያስቀረው ሲከፈት የክሱ ቅጂ ተገኘ። ጠቋሚው ሲከስስ የተከሰሰውን መልእክት አያይዞ ስለሚልክ፣ ወዚር የጻፈው በሙሉ እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰላምታ ነው፦ እናቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጋሪ የሚነዳው ጓደኛው፣ የመስጊዱ ሙአዚን፣ የቀይዋ ላም ጉልበት፤ መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዱን እንደሚናገር ሰው፣ «መታወቂያዬ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጋቢዬ ሥር ነው፤ ላክልኝ» ይላል። ሁለተኛው አጭር ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ «ምናልባት መብራት የለም» ይላል። ሦስተኛው ውስጥ መታወቂያው አልተነሣም። «አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ተቀይመኸኛል? ዝያራ ብዬ ስለዋሸሁ ነው? ዓፉ በለኝ። መልስ ባትሰጠኝም ዓፉ በለኝ።»

ከሦስተኛው ሥር ከኩባንያው የመጣ ምላሽ ነበር። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን፤ አድራሻው ተዘግቷል።

ዘይነዲን ወደ ቤት ሮጦ መታወቂያውን ከጋቢው ሥር አወጣ፤ እናቱ ገበያ ስለነበሩ አላዩትም። ቅጂውን ላከ። አድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰ። ደግሞ ላከ፤ ተመለሰ። ለኩባንያው ጻፈ፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰውየው ወንድሜ ነው፣ እባካችሁ ክፈቱለት። ወዲያው መልስ መጣና ተጣድፎ ከፈተው። ጥያቄዎ ደርሶናል ይላል፤ እንደ ጠቋሚው ዓይነት ማሽን ነው የጻፈው። በማግስቱ ጻፈ፣ ያንኑ መለሰለት። ቃሉን ቀይሮ ጻፈ፣ ያንኑ መለሰለት።

«ሰው የለም እንዴ እዚያ ቤት?» አለ ወንዶሰን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀልድ የሚባል ከአፉ አልወጣም።

ጎባ ሄዶ ዲማን ጠየቀው። ዲማ ቡልኮ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ እያሳለ፣ አብሯቸው ታስሮ የነበረ የአንድ የአጋርፋ ልጅ አድራሻ ሰጠው። ዘይነዲን የወዚርን መታወቂያ አያይዞ ለዚያ ልጅ ላከ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ማንም ሳይገባ ይገባል፣ ሁሉም ሲወጣ ይቀራል። የተበላሸ ማሽን ይዘው የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ቆመው ይሄዳሉ።

መልሱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። የአጋርፋው ልጅ የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «መታወቂያ የመጣለት ሄደ። እኔንም ሌላ ቦታ አዛወሩኝ። ያልመጣላቸውን በጭነት መኪና ወሰዷቸው፣ ወዚርም አለበት። ባሕር ነው የሚሉ አሉ፣ በረሃ ነው የሚሉ አሉ። ዘበኛውን ጠይቄው ነበር፣ እሱም አያውቅም። የላኩልኝን መታወቂያ ለማን ልስጠው?»

ዘይነዲን ይህን ደጋግሞ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ ቢሮውን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሃጂራ በረንዳው ላይ ስንዴ እያበጠሩ ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ሌቦቹ፣ ስለ ቀመር፣ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ሦስቱ ደብዳቤ፣ ስለ መኪናው። ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያልገባቸውን ሥራ እንደሚጠይቁ ነበር የጠየቁት።

«ያ ያስገባኸው ነገር ደብዳቤውን ሲያስቀርበት፣ ለወዚር ይነግረዋል?»

«አይነግረውም፣ አዮ።»

«አልደረሰልህም አይለውም? ማሽን ነኝ፣ ወንድምህ አላየውም አይለውም?»

«አይልም። ዝም ነው።»

ሃጂራ ሰፌዱን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«እንግዲያ ዝም ያልከው አንተ ነህ» አሉ። «ልጄ መኪናው ላይ ሲወጣ እንደዚያ ነው የሚያውቀው።»