የኦቦ ሂርጳ እጥበት

ኦቦ ሂርጳ ባጠቡት ብርጭቆ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታታል ይባላል። አምቦ ውስጥ በአንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ረዳት ናቸው። ከጎጆ ጭቃ ወጥተው ነጭ ጋዋን ከለበሱ ወዲህ ከቆሻሻ ጋር ደም የተቃቡ ይመስላሉ።

ሲንቄን ያስለቀሳትም ይኸው አመላቸው ነው። ሲንቄ የማስተርስ ተማሪ ናት። ዓይን የማያያቸው ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ሠርታ ብልቃጥ ውስጥ ባለ ፈሳሽ አኖረች፤ ፈሳሹ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ቅባት የመሰለ ስስ ልባስ አላት። ልባሱ ካልሳሳ ወርቁ ሥራ አይሠራም፤ ጨርሶ ከተገፈፈ ደግሞ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይዘቅጣሉ፣ ዳግም አይለያዩም። «ልባሱ እንዲሳሳ ቅንጣቶቹን በአልኮል ሁለቴ ብቻ ይጠቡልኝ» ብላቸው ክፍል ገባች።

ኦቦ ሂርጳ ግን የብልቃጡ አፍ ላይ የቅባት ወዝ አዩ። ደግ የሠሩላት መስሏቸው ቅንጣቶቹን ልባቸው እስኪረካ ደጋግመው አጠቧቸው። ስትመለስ ቀዩ ፈሳሽ የለም፤ ከሥር ጥቁር አተላ ቁጭ ብሏል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ፤ «ይበልጥ ንጹሕ ይሁንልሽ ብዬ።»

የቀራት ወርቅ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። እሱም ከዘቀጠ ዘንድሮ አትመረቅም። አልቅሳ ሲወጣላት እንደገና ሠራችና፣ ጉድ በሉ፣ አሁንም ለእሳቸው ሰጠቻቸው።

«እንዴት ታምኚኛለሽ?»

«ኦቦ ሂርጳ፣ እንደ እርስዎ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው አላውቅም። ማቆሙን ብቻ ይልመዱልኝ።»

አልኮሉን ጨመሩ፣ ወርቁ ወደ ሥር እንዲወርድ በማሽን አሽከረከሩ፣ ላዩን ደፉ። ደገሙ። የብልቃጡ አፍ አሁንም ያብረቀርቃል። ያ ወዝ እንደ ቁንጫ በላቸው። እጃቸውን የጋዋን ኪስ ውስጥ ከተው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ገኤራ! ይበቃል!» ብለው ራሳቸው ላይ ጮኹ።

ሲንቄ አዲስ ፈሳሽ ጨምራ ነቀነቀችው፤ ቀይ ሆነ። ከሱም መፈተኛ በሆነ ቢጫ ውሃ ውስጥ ጠብ አደረገች። ወርቁ ከሠራ ቢጫው ይጠፋል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ቢጫው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ኦቦ ሂርጳም ሳያፍሩ አለቀሱ።

ሲንቄ ተመርቃ ሄዳለች። ያ አፉ የወዛ ብልቃጥ ግን እስከ ዛሬ መደርደሪያቸው ላይ አለ። አዲስ ተማሪ ሊያጥበው ሲያነሳ ኦቦ ሂርጳ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ።

«ተወው! እሱ ንጹሕ ነው።»