ዲንቄ የሰጠችው አጎበር

አቻምየለሽን ቅናት አለብሽ ቢሏት ትቆጣለች። ቅናት ያለባቸው ሌሎች ሴቶች ናቸው፤ እሷ ባሏን ትጠብቃለች እንጂ አትቀናም። ይህን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሚያውቃት ሁሉ ከራሷ አፍ ሰምቷል፤ ያመናት ግን አንድም ሰው የለም።

ባሏ ካሳሁን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በጥቅምትና በህዳር ወደ መተማ ይወርድና ከእርሻዎቹ ሰሊጥ ጭኖ ቃሊቲ መጋዘን ያራግፋል። እዚያ ለመጫን ተራ እስኪደርሰው አንዳንዴ ሳምንት ይጠብቃል፤ የሚያድረውም ግራር ስር ባነጠፋት ፍራሽ ላይ ነው። አቻምየለሽ ሙቀቱንም መንገዱንም አትፈራለትም። የምትፈራው ዲንቄን ነው።

ዲንቄ የአቃቂ በሰቃ ልጅ ናት። ካሳሁን አቻምየለሽን ከማግባቱ በፊት ሁለት ዓመት አብሯት ቆይቶ፣ በምን እንደተጣሉ ለሁለቱም ሳይገባቸው ተለያዩ። ኋላ ነርስ ሆና ስትመደብ፣ ስንት አገር እያለ የደረሳት መተማ አጠገብ ያለ ጤና ኬላ ሆነ። አቻምየለሽ ይህን የሰማች ቀን ምሳ አልበላችም። ዕጣ እንዲህ አድርጎ አያነጣጥርም፣ የሰው እጅ አለበት ብላ ደመደመች።

አምና ጥቅምት ካሳሁን ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ሰማያዊ አጎበር ይዞ መጣ። ደብቆት ቢሆን ይሻለው ነበር። እሱ ግን የዋህ ነውና ሶፋው ላይ ዘርግቶ ያስረዳት ጀመር፤ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ፣ የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፣ በአጎበር ቀዳዳ ትሾልካለች፣ የሚገድላት አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ነው።

“ማን ሰጠህ?” አለችው።

“ዲንቄ። ለሾፌሩ ሁሉ አድላለች። በበረኪና እንዳይታጠብ፣ ፀሐይ ላይም እንዳይሰጣ ብላለች፤ መድኃኒቱ ይጠፋል።”

አቻምየለሽ ለሾፌሩ ሁሉ መታደሉን አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ አላመነችም። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ሌላ ሴት የባሏን መኝታ እንዴት እንደምታጥብ ማዘዟ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጠርዙ ላይ ተቀዶ የነበረ ቦታ በነጭ ክር ተሰፍቷል፣ ያውም በሠለጠነ እጅ። ካሳሁን መርፌ ላይ ክር መሰካት እንኳ አይችልም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉን የተከለችለት እሷ ናት።

ከመንገድ የመጣ ጨርቅ፣ ፎጣም ይሁን ጋቢ፣ በረኪና ሳይነካው ቤቷ አያድርም። ባልየው ሳሪስ ጎማ ሊያስጠግን በሄደበት አጎበሩን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። በረኪናውን በክዳን አልለካችም፤ ገለበጠችው። ክንዷ እስኪዝል አሸችው፤ እጇ ላይ የነበረው አጎበር ይሁን እንጂ ልቧ የሚያሸው ዲንቄን ነበር። ስፌቱን በምላጭ ፈትታ በራሷ ክር ሰፋችውና ፀሐይ እንዲመታው ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ሰጣችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት ዋለች። ሲደርቅ አጣጥፋ መኪናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ መለሰችለት። ካሳሁን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የዓመቱን ሰሊጥ ጨረሰ።

የካቲት ላይ ትኩሳት ጀመረው። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደ፤ ተሻለው ሲባል አገረሸበት። ወባም ተመረመረ፣ የለበትም። ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ በግራ በኩል ተነፋ። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግድግዳ ሳይዝ መራመድ አቃተው። መጋቢት ላይ ሆስፒታል ተኛ።

ጓደኛው ሀይረዲን ሊጠይቀው መጣ። ሀይረዲን መሪ ከመጨበጡ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያን ነጭ ስፌት የሰፋው እሱ መሆኑን አቻምየለሽ ያወቀችው በኋላ ነው። ኮሪደር ላይ ጠርቷት ይህ የቆላው በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ለዲንቄ ደውዪላት አላት።

የሸሹት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዲንቄ ሌላ ሰው ጠፋ ብላ ተናደደች። አንድ ቀን ሙሉ ሳትደውል ዋለች፤ ያን ቀን ባሏ ውሃ መዋጥ አቅቶት ነበር። በማግስቱ የካሳሁንን ስልክ አነሳች። ቁጥሩ “ጤና ኬላ” ተብሎ ነው የተመዘገበው። ስሟን የደበቀው ለምንድን ነው ብላ በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናች።

ዲንቄ ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፏል ወይ፣ ጣፊያው አብጧል ወይ። ከዚያ ካላዛር እንዲመረምሩት ንገሪያቸው፣ መድኃኒት አለው፣ ብቻ አትዘግዪ አለቻት። ቀጥላም “አጎበሩ ስር አይተኛም ነበር እንዴ?” አለች።

አቻምየለሽ መዋሸት ትችል ነበር። አይተኛም ነበር ብትል ጥፋቱ የሱ ይሆናል፤ ማንም አያጣራም።

“ይተኛ ነበር” አለች። “በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ።”

ዲንቄ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስልኩን ለሐኪሙ ስጪልኝ አለች።

ምርመራው በዚያው ቀን ካላዛር መሆኑን አሳየ። መርፌ በጀመረ በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሾርባም ጠጣ። አቻምየለሽ ያኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ በረኪናውን፣ ምላጩን፣ ሳትደውል የዋለችበትንም ቀን። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ካሳሁን ጣራ ጣራውን ያያል።

“ማጠብሽን አውቄ ነበር” አላት። “ገና ስዘረጋው በረኪና ሸተተኝ።”

“ታዲያ ሌላ አትጠይቃትም ነበር?”

“ልጠይቃት ጤና ኬላው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ይከፋሻል ብዬ ተመለስኩ።”