ሳላውቅ የሰጠኋቸው ቀን

መርሳ ውስጥ ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ የትምህርት ቤታችን በር ላይ የተሰቀለችው ጥቁር ሰሌዳ የኔ ግዛት ነበረች። ጧት ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል በፊት «በዛሬዋ ዕለት» ብዬ እጽፍባታለሁ፦ የት ጦርነት እንደፈነዳ፣ ማን ጨረቃ ላይ እንደወጣ፣ የትኛው ንጉሥ ከዙፋኑ እንደወረደ። ደብተሬ ውስጥ አንድም ባዶ ቀን አልነበረም። ሻይ ቤት ስገባ ሹፌሮቹ «ባሕረ ሐሳብ መጣ» ይሉኛል። ሲቀልዱብኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ወስጄው ደረቴን ነፍቼ እቀመጥ ነበር።

የተከራየሁት ከአንዲት ባልቴት ግቢ ነው። ከግራና ከተማ በላይ ካለው ደጋ የወረዱ፣ ቀኑን በታቦት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። «ማክሰኞ» አይሉም፤ «የማርያም ማግስት» ነው የሚሉት። እንዲህ ያሉት ሰው አንድ ቀን ብቻ ጠፍቶባቸዋል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የአራት ዓመት ልጃቸውን አዝለው ከወልድያ ወዲያ ወደነበረ መጠለያ ሄዱ፤ ልጅቱ እዚያው ሞተች። እሳቸውም ታመው ስለነበር ቀብሯን አላዩም፣ ዕለቱንም የነገራቸው የለም። የሚያስታውሱት ከመስቀል በኋላ ኅዳር ሳይገባ መሆኑን፣ በሞተችበትም ቀን ፈረንጆች ካሜራ ይዘው መምጣታቸውን ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፌ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅየ፣ አንተ የዓለሙን ቀን ሁሉ ታውቃለህ ይላሉ። እነዚያ ፈረንጆች መጠለያው መጥተው ያነሱን መቼ ነው? ደብተርህ ላይ አይኖርም? ካህን ጠርቼ፣ እንደ ሰው ልጅ ደግሼ ላስባት እሻለሁ።»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ደብተሬን አምጥቼ ገለጥኩ። «ረሃቡ በፊልም ለዓለም የታየበት፣ ጥቅምት 23» ይላል።

«ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው፣ እትየ» አልኳቸው።

«ጊዮርጊስ?»

«አዎ፣ ጊዮርጊስ።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ሰገዱ። ሲነሡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለጥቅምት ጊዮርጊስ ጸበል ጸዲቅ አለ። ጠላው ይጠመቃል፣ የነፍስ አባታቸው ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ ከካህኑ ቀጥሎ የሚሰጠው ለኔ ነው። «የልጄን ቀን ፈልጎ ያገኘልኝ ይሄ ነው» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ስህተቴን ያጋለጠው ከውርጌሳ ተዛውሮ የመጣ ወጣት መምህር ነው። ሰሌዳዋ ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ ይሄ ቀን የኛ ነው የፈረንጅ?» አለኝ። የጠየቀኝ ሰሌዳዋ ላይ ስለነበረ ሌላ ቀን ነው፤ ቢሆንም ተቆጣሁት። ቤት ገብቼ ግን ደብተሬን ከመጀመሪያው ጀምሬ መረመርኩ። ተማሪ ሳለሁ ከእንግሊዝኛ መጽሔት ስገለብጥ፣ ለመቁጠር ሰንፌ፣ ኦክቶበርን ሁሉ «ጥቅምት» እያልኩ ጽፌዋለሁ። የዚያ ዓመት ኦክቶበር ሃያ ሦስት የኛ ጥቅምት አሥራ ሦስት ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቀኑ ፊልሙ በውጭ አገር የታየበት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም። የተቀረጸው እሳቸው በነበሩበት መጠለያ ይሁን በሌላ፣ መጽሔቱ የሚለው ነገር አልነበረም። ባሕረ ሐሳብ የተባልኩት ሰውዬ አሥር ቀን መቁጠር ሰንፌ፣ ለሞተች ሕፃን የሷ ያልሆነ ቀን ሰጥቻታለሁ።

ወዲያው መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን እንዳላፈርስ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ እውነቱ ግን ከካህኑ ቀጥሎ ያለችውን ቦታዬን ላለማጣት ነበር። እያወቅሁ ሁለት ጥቅምት ዳቦውን በላሁ። በሁለተኛው ዓመት በጠላ አወራረድኩት። አሁን ሳስበው እንኳ ፊቴ ይግላል።

በቀጣዩ መስከረም ባልቴቷ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን መጋረጃ ገዙ። አስፋልቱ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ በወርቃማ ክር ጽሕፈት እንዲያወጣበት ተስማምተዋል። መጋረጃውን ታቅፈው፣ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ስሟንና ቀኗን አሳምረህ ጻፍልኝ። ሰፊው እሱን እያየ ይሰፋዋል» አሉኝ።

ስሟን ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይኼ ተሰፍቶ መቅደስ ሊሰቀል ነው።

«እትየ፣ ቀኑ ትክክል አይደለም» አልኳቸው። የመጽሔቱን፣ የኦክቶበሩን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካወቅሁ ሁለት ዓመት እንዳለፈኝም አልደበቅሁም። ፊታቸውን ለማየት ስላልደፈርኩ ወረቀቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ታዲያ የሷ ቀን መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቅም።»

«ያኔም አታውቅም ነበር?»

«ያኔም አላውቅም ነበር፣ እትየ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና መጋረጃውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

«አንተ ሳትነግረኝ በፊት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቀኗን ስለማላውቅ ከመስቀል እስከ ኅዳር ያለውን ሁሉ ይዤላት ነበር። ጧት ጧት ከምቀምሳት ላይ ቆርሼ፣ ዛሬ ይሆናል እያልኩ፣ በስሟ ለነዳይ እሰጥ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዱ የግድ የሷ ነው፤ አንድም ዓመት አላመለጠኝም። አንተ ጊዮርጊስ ነው ካልከኝ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ተውኩት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። የጻፍኩትን ወረቀት ከእጄ እየወሰዱ ነበር።

«ቀኗ በእጄ ነበር እኮ፣ ልጅየ» አሉኝ።